የባሌ ቤት በስሙ ብቻ ነው፤ እሱ ቢቀድመኝ እኔና ልጄ የት እንወድቃለን?

የጉለሌዋ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ ለሰው ማንሳት ይከብዳል፤ ሞት የምጠራ ያስመስለኛል። ባለቤቴ ከስድሳ ዓመት አልፏል፣ እኔ ገና አርባዎቹ ውስጥ ነኝ። የመጀመሪያ ሚስቱ አርፋለች። ከእሷ የወለዳቸው ሦስት ልጆች ሁሉም ራሳቸውን ችለዋል፣ አንዱ ውጭ አገር ነው። እኛ ደግሞ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። የምንኖርበት ቤት እኔን ከማግባቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ)፣ ካርታው በእሱ ስም ብቻ። ከተጋባን በኋላ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርተን እናከራያለን። ኮንዶሚኒየምም ደርሶን የባንክ ዕዳውን እየከፈልን ነው።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። «አንቺ ሚስቴ ነሽ፣ ማን ያስነሳሻል?» ይለኛል። ጎረቤታችን ግን የባሏ ተዝካር ሳይወጣ የእንጀራ ልጆቿ ግቢውን ለሽያጭ ደላላ ያስጎበኙ ነበር። የእኔዎቹ ክፉ ልጆች አይደሉም። ቢሆንም ማወቅ እፈልጋለሁ፦ በሕግ ሚስት ምን ያህል ትወርሳለች?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ባልሽ በሕይወት እያለ ቤቱን ማካፈል ነገር መፈለግ ነው። በእኛ ጊዜ አባት ሲታመም ሽማግሌዎችንና የንስሐ አባቱን ጠርቶ «ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት» ይላል፣ የሰማ ሁሉ ያከብረዋል። የኔም አባት እንዲሁ አድርገው ነው ያረፉት፤ እስከ ዛሬ ወንድም ከወንድም አልተካሰስንም።

ጠበቃዋ ከልደታ

እህቴ፣ መልሱ አጭር ነው፣ ደስ ግን አይልም፦ ሚስት ምንም አትወርስም። ባልም እንዲሁ ሚስቱን አይወርስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ የሚወርሱትን ሲዘረዝር በመጀመሪያ ደረጃ ልጆችን፣ ልጅ ከሌለ አባትና እናትን፣ ከዚያ አያቶችን እያለ በደም ይወጣል። የትዳር ጓደኛ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ለቅሶው ካለፈ በኋላ የወራሽነት ማረጋገጫ ሊያወጣ ፍርድ ቤት ሲመጣ ነው።

ታዲያ የሚስት እጅ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን ሁሉ የጋራ ያደርገዋል። ስለዚህ ባልሽ ቢቀድምሽ መጀመሪያ የአንቺ ግማሽ ይወጣል። እሱ ውርስ አይደለም፣ ድሮም የአንቺ ነው። የሚወረሰው የቀረው የእሱ ግማሽ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ከጋብቻ በኋላ የመጣ ስለሆነ ግማሹ የአንቺ ነው፣ ዕዳውም ጭምር። ሰርቪሱም በጋራ ገንዘብ ስለተሠራ የግንባታውን ግማሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ፈቃዱንና የዕቃ መግዣ ደረሰኙን አትጣይ።

መምህር፣ ቤተሰብዎ የተባረከ ነው። ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን በጣም አጥብቦታል። ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ነው። አምስት መቶ! በ1952 ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ቤት ይቅርና በር አያስገዛም። ሰውየው ከሕመሙ ተርፎ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ያ ኑዛዜ ይፈርሳል። የእርስዎ ወንድሞች ያልተካሰሱት ሕጉ ስላስገደዳቸው ሳይሆን ስለተስማሙ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ የጉለሌዋ። ቤቱ «እኔን ከማግባቱ በፊት» አልሽ። የተሠራው መቼ ነው? የመጀመሪያ ሚስቱ በሕይወት እያለች ነው ወይስ ካረፈች በኋላ?

የጉለሌዋ

በሕይወት እያለች። አብረው ነው የሠሩት፤ ልጆቹ እንዲያውም ድንጋይ ሲያቀብሉ እንደነበር ያወራሉ። ለምን?

ጠበቃዋ ከልደታ

ነገሩን ሁሉ የሚቀይረው ይህ ነው። ካርታው በእሱ ስም ብቻ መሆኑ አያታልልሽ። በመጀመሪያው ጋብቻ ውስጥ የተሠራ ቤት ከሆነ ግማሹ የሟቿ ነበር። እሷ ስታርፍ፣ ኑዛዜ ካልተወች፣ ያ ግማሽ ለሦስቱ ልጆቿ ተላልፏል። ማንም አላጣራውም፣ ማንም አልተካፈለም፣ ሁሉም «የአባታችን ቤት» እያለ ይኖራል።

ሒሳቡን ልሥራልሽ። ሦስቱ ልጆች ከእናታቸው የቤቱን ግማሽ፣ ማለትም ለእያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይዘዋል። ባልሽ ያለ ኑዛዜ ቢያርፍ የእሱ ግማሽ ለአራቱ ልጆቹ እኩል ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ ከቤቱ ውስጥ የአንቺ ልጅ የሚደርሳት አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው፣ የቀረው ሰባት ስምንተኛ የታላላቆቿ ነው። ከዋናው ቤት ለአንቺ ምንም የለም። «ማን ያስነሳሻል?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው።

የመጀመሪያዋ ሚስት ድርሻ ላይ ባልሽ መናዘዝም አይችልም፤ የእሱ አይደለምና።

ቡና ከጠጣን በኋላ

የእኛም ቤት ልክ እንዲህ ነበር። አባታችን ቤቱን በሙሉ ለሁለተኛ ሚስቱ ተናዞ አረፈ። እኛ ደግሞ የእናታችንን ግማሽ ይዘን ተከራከርን። ሴትዮዋን አልጠላናትም፤ አባታችንን ያስታመመችው እሷ ናት። ግን ሰነዱ እኛንም እሷንም አጣላ። አንድ ቀን ሰብስቦ «የእናታችሁ ይህ ነው፣ የእኔ ይህ ነው» ቢለን ኖሮ በእርግጠኝነት እንስማማ ነበር።

የጉለሌዋ

ደንግጫለሁ። ግን አሁን ምን ይደረግ? ቤቱን ከአሁኑ በስጦታ ለልጄ ቢያዞርላት አይሻልም?

ጠበቃዋ ከልደታ

ባይቸኩል ይሻላል። አንደኛ፣ ስጦታ መስጠት የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ይይዛል። በውርስ ሲመጣ ግን ይህ የለም። ስለዚህ «በሕይወት እያለሁ ላዙርላችሁ» የሚል አባት አንዳንድ ጊዜ ልጁን ለሊዝ ክፍያ ይዳርገዋል። ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት የክፍለ ከተማውን መሬት አስተዳደር ጠይቁ።

ለአንቺ የሚሻለው ኑዛዜ ነው፣ በውስጡም አላባ። ሕጋችን አላባ የሚለው የሌላ ሰው በሆነ ንብረት የመጠቀም መብትን ነው። ባልሽ ከቤቱ ያለውን ግማሽ ለልጆቹ ትቶ አንቺ በሕይወት እስካለሽ ድረስ እንድትኖሪበት አላባውን ለአንቺ ሊናዘዝልሽ ይችላል። ልጆቹ ባለቤት ይሆናሉ፣ አንቺ ደግሞ ከጣሪያው ሥር አትወጪም። ከኮንዶሚኒየሙ ያለውን ግማሽ ጨምሮ ቢናዘዝልሽ ኮንዶሚኒየሙ ሙሉ በሙሉ የአንቺ ይሆናል። ሆኖም የልጆቹ ድርሻ በጣም እንዳይሸረሸር ግምቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ሊደርሰው ከሚገባው ከሩብ በላይ የጎደለበት ተወላጅ ክፍፍሉን ሊቃወም ይችላል። «ልጄን ነቅያለሁ» ለማለትም በቂ ምክንያት በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዝም ብሎ ስም መዝለል ልጅን ከውርስ አይነቅልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያዋን ሚስት ውርስ ከልጆቹ ጋር ማጣራት ይቀድማል። የእናታቸውን ድርሻ በገንዘብ ትገዙአቸዋላችሁ ወይስ ሦስቱ ቤቱን ወስደው ለአንቺና ለልጅሽ ኮንዶሚኒየሙን ይለቃሉ? የተስማማችሁትን በጽሑፍ አድርጉና አስመዝግቡት።

ጡረተኛው መምህር

ስለ አላባው ተምሬያለሁ፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ወረቀት መጻፍ ቀላል ከሆነ እኔው ራሴ አራት መስመር ጽፌ ሳጥን ውስጥ ባስቀምጥ ምን ይጎድላል?

ጠበቃዋ ከልደታ

መምህር፣ ይቻላል፤ ግን በጥንቃቄ። ሙሉ በሙሉ በእጅ ጽሑፍዎ መሆን አለበት። «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ማለት አለበት። በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ያስፈልጋል። ከዚያ ሰዎች የሚረሱት አለ፦ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ስምንተኛ ዓመቱን የያዘ ወረቀት ታሪክ እንጂ ኑዛዜ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። እርስዎ ቢጽፉትም ሌላ ሰው በእርስዎ ቃል ቢጽፈውም በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ ይጻፋል፤ ወዲያው ሁላችሁም ትፈርማላችሁ። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ነው። አራቱም ምስክሮች ነበሩ፣ ተነቧል፣ ግን «በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተረስቷል። አንዲት መስመር ሙሉ ቤት ታስወስዳለች። ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ አንዱ ምስክር ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ስለዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ መጨረሱ ይሻላል። የሚጠቀመውን ሰው ምስክር አታድርጉ። ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው አይናዘዙ፤ የጋራ ኑዛዜ ዋጋ የለውም። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ።

የሳሪሱ ልጅ

እኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ሳንጋባ አብረን እንኖራለን፤ አራተኛ ዓመታችን ነው። ልጅ የለንም። በስሜ መኪናና ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ አለኝ። የሞት ነገር ገና ነው ብዬ ነበር፤ ይህን ካነበብኩ በኋላ ግን እንቅልፌ ጠፋ።

ጠበቃዋ ከልደታ

ወንድሜ፣ እንቅልፍህን ተኛ፣ ጠዋት ግን ጻፍ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል፤ ሌላ ስምምነት ካላደረጋችሁ በቀር። ከሞትክ የእሷ ግማሽ አላት፣ ግን ልጅ ስለሌለህ የአንተን ግማሽ አባትና እናትህ እኩል ይወርሳሉ። እሷ አብራችሁ መኖራችሁን ማስረዳት ይኖርባታል፤ ያ ክርክር ከወላጆችህ ጋር ነው የሚሆነው፣ በሐዘን ላይ።

ልጅ የሌለው ሰው ያለው ነጻነት ሰፊ ነው። ንብረትህን በሙሉ ለእሷ ብትናዘዝ ወላጆችህ በዝምታ እንደተነቀሉ ይቆጠራል፣ ምክንያት መጻፍም አያስፈልግህም። ነገ ልጅ ብትወልዱ ግን ኑዛዜውን እንደ አዲስ ጻፈው። ከኑዛዜ በኋላ የተወለደ ልጅ ውርሱን ሲቀበል በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች ሊፈርሱ ይችላሉ።

ከቨርጂኒያ

እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎችም ከዚህ የተለየን አይደለንም። እዚህ ግዛት ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ልጆቹ ሁሉ ከአሁኗ ሚስቱ ከሆኑ ሁሉንም ሚስት ትወስዳለች። ከሌላ ሴት የተወለደ ልጅ ካለው ግን ለሚስት አንድ ሦስተኛ፣ ለልጆች ሁለት ሦስተኛ ነው። አገር ቤት ዜሮ፣ እዚህ ሲሶ፤ አንድ ሰው ሁለት አገር ንብረት ሲኖረው ሁለት ሕግ ይዞ ነው የሚሞተው።

እኔ አዲስ አበባ አፓርታማ አለኝ። ወንድሜ በውክልና ያስተዳድረዋል፤ ውክልናው መሸጥና መለወጥንም ይጨምራል። ብሞት ወንድሜ ለልጆቼ ያዞርላቸዋል ብዬ ነው የተውኩት።

ጠበቃዋ ከልደታ

ውክልና ከወካዩ ጋር ይሞታል፤ ያረፍክ ዕለት የወንድምህ ሥልጣን ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቢሸጥ ልጆችህ አጎታቸውን የሚከስሱበት ምክንያት ይፈጠራል። እሱም ምናልባት ለበጎ ነው የሸጠው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለው ንብረት ራሱን የቻለ ኑዛዜ እዚህ ሕግ በሚጠይቀው ፎርም ጻፍ፤ ሲመቸህ ስትመጣ እዚሁ አስመዝግበው። በኑዛዜው ላይ ውርስ አጣሪ፣ ማለትም ንብረትና ዕዳህን አጣርቶ ለወራሾች የሚያስረክብ ሰው፣ መሰየም ትችላለህ፤ ወንድምህን ማድረግ ከፈለግህ ቦታው ያ ነው። ዜግነት ቀይረህ ከሆነ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጣ፣ ለልጆችህም አውጣላቸው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቤት የመያዝ መብት የሚሠራው በካርዱ ነው።

ከቨርጂኒያ

አመሰግናለሁ እህቴ። እዚህ ላሉት አንድ ልጨምር። በሥራ ቦታችሁ የሕይወት ኢንሹራንስና የጡረታ ቁጠባ ቅጽ ላይ ተጠቃሚ ብላችሁ የሞላችሁትን ስም ዛሬውኑ ተመልከቱ። ገንዘቡ በኑዛዜ ሳይሆን በዚያ ቅጽ ነው የሚሄደው። የተፋታችኋትን ሚስት ስም ሳይቀይሩ አዲስ ትዳር የመሠረቱ ስንት ወንድሞች አሉ!

ጠበቃዋ ከልደታ

እዚህም ተመሳሳይ ነገር አለ። የሕይወት መድን ላይ ተጠቃሚ ከተሰየመ ገንዘቡ ከውርሱ ውጭ ነው፤ ካልተሰየመ ውርሱ ውስጥ ይገባል። በሞት ምክንያት ለሚስት ወይም ለዘመድ የሚከፈል ጡረታና ካሣ ደግሞ የውርስ ንብረት አይደለም። የጉለሌዋ፣ ይህ ለአንቺ ጥሩ ዜና ነው፤ የባልሽን የተተኪ ጡረታ የእንጀራ ልጆችሽ እንደ ውርስ ሊካፈሉት አይችሉም።

የከሚሴው

አሰላሙ አለይኩም። ሙስሊም ቤተሰቦች ይህን ሲያነቡ እንዳይደናገሩ አንድ ነገር ልበል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ፈቅዷል። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፦ ባሏ ልጅ ካለው አንድ ስምንተኛ፣ ልጅ ከሌለው አንድ አራተኛ። ኑዛዜ ከሲሶ አይበልጥም፣ ለወራሽም አይደረግም፤ ስለዚህ እህታችን ላይ የተነገረው የአላባ ኑዛዜ ለእኛ በቀጥታ አይሆንም። ለሚስቱ መጨመር የፈለገ ሰው በሕይወቱ ሂባ፣ ማለትም ስጦታ፣ ይሰጣል።

ችግሩ ፈቃዱ ላይ ነው። አባታችን ሲሞት ከእኛ አንዱ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አልሄድም አለ፤ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄደ። እዚያ እህቶቻችን ከእኛ ከወንዶቹ እኩል ሆኑ፣ እናታችን ግን በሸሪዓ የምታገኘውን ስምንተኛ አጣች። እኔ በበኩሌ ድርሻዬን ቀንሼ ሰጠኋት። አባት በሕይወት እያለ ልጆቹን ሰብስቦ በየትኛው ሕግ እንደሚዳኙ ቢያስማማቸው ኖሮ እናታችን እንዲህ አትንገላታም ነበር።

ቡና ከጠጣን በኋላ

የእርሻ መሬትስ? አያቴ ጎጃም ውስጥ መሬት አላት፤ አብሯት የሚያርሰው አንዱ አጎቴ ነው፣ ሌሎቹ ከተማ ናቸው።

ጠበቃዋ ከልደታ

ይህ ሌላ ዓለም ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ብቻ ነው። ያንን የሚወስነው የገጠር መሬት ሕጉ ነው፤ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1324/2016፣ ከዚያ የክልሉ ሕግ። አብሮ ማረስና ከቤተሰቡ ጋር መኖር እዚያ ሚዛን ያነሳል። አያትሽ የይዞታ ደብተሯን ይዛ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ትጠይቅ።

የሰባት ዓመት ልጅ አባት

ትንንሽ ልጆች ላለን ሰዎችስ? እኔና ሚስቴ አብረን በመኪና ወደ ክፍለ ሀገር ስንሄድ ሁልጊዜ ይህ ያሳስበኛል።

ጠበቃዋ ከልደታ

ኑዛዜ ለንብረት ብቻ አይደለም። ሁለታችሁም ብታልፉ ልጆቻችሁን ማን እንደሚያሳድግ፣ ንብረታቸውን ማን እንደሚይዝ በኑዛዜ መሰየም ትችላላችሁ፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ልጅ የምትወድ እህት ገንዘብ አያያዝ ላይ ደካማ ልትሆን ትችላለች። ሞግዚቱ የልጁን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም፤ ይህ ለልጁ ትልቅ ጥበቃ ነው። የምትሰይሙትን ሰው ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ስሜ ይቆይ

እኔ ደግሞ ከጀርባ ያለውን ላንሳ። አባቴ ከትዳሩ ውጭ የወለደው ልጅ አለ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እናቴና ወንድሞቼ አያውቁም። አባቴ በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ በወረቀት የተያዘ ነገር ግን የለም። ነገ ወራሽነት ስናወጣ ይህን ልጅ ብንዘለውስ?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የአባትህ ደም ነው። እንዴት ትዘለዋለህ?

ጠበቃዋ ከልደታ

መምህር ተናግረውልኛል፤ ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። በጋብቻ ውስጥ ይወለድ ከጋብቻ ውጭ፣ ልጅ በውርስ እኩል ነው፤ ጉዲፈቻም እንደዚያው። ይህ ልጅ ተዘልሎ ማረጋገጫ ብታወጡ አንድ ቀን ማስረጃ ይዞ መጥቶ ያሰርዘዋል፣ የተካፈላችሁትንም ይጠይቃል። ጥያቄው የሚታገደው መብቱንና ንብረቱ በእናንተ እጅ መሆኑን ካወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ካላወቀ ግን በደንቡ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሊመጣ ይችላል። እያወቅህ በፍርድ ቤት «ሌላ ወራሽ የለም» ብለህ መማል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው።

ለልጁም ለእናንተም የሚሻለው አባትህ በሕይወት እያለ ልጅነቱን መቀበሉ ነው። ለክብር መዝገብ ሹም በጽሑፍ ቃል በመስጠት ይቻላል፣ ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድም ይቻላል። ቤተሰቡን ዛሬ መጋፈጥ ካልቻለ ኑዛዜው ላይ «እገሌ ልጄ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሕጉ ይህንም ይቀበላል። ይህን ካደረገ ኑዛዜውን ውልና ማስረጃ ወይም መዝገብ ቤት ያስቀምጥ። እቤት ሳጥን ውስጥ ከተገኘ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሊቀድደው ይችላል።

ስሜ ይቆይ

እናቴ ብታውቅስ?

ጠበቃዋ ከልደታ

ለዚያ የሕግ መልስ የለኝም። አባትህን ለብቻው ቁጭ አድርገህ ንገረው፤ ለእናትህ መንገር ያለበት እሱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ልደት ምዝገባው ላይ የልጁ እናት ያስመዘገበችው ነገር ካለ ግን ከአሁኑ ጠይቃትና ቅጂውን ያዝ።